ማሽኑ የማያውቀው አማርኛ

ሐሙስ፣ መጋቢት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ

ዛሬም ኢንተርኔቱ ጨጓራዬን ሲልጠው ዋለ።

ለትምህርት ቢሯችን የሠራሁትን ድረ ገጽ ኦጁሉ ማንበብ አልቻለም። መምህር ነው፤ ዓይነ ስውር ስለሆነ ኮምፒውተሩ ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል። የእኔ አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ፊደሉን ስለማያውቀው በየፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት እየጠራ «ክዌስችን ማርክ፣ ክዌስችን ማርክ» እያለ ይንተባተባል። የመምህራን የክረምት ትምህርት ምዝገባ ማስታወቂያ የወጣው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ኦጁሉ ሰው ለምኖ ማስነበብ አንገሽግሾታል።

እዚህ ከተማ ይህን የምጠይቀው ባለሙያ የለም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ችግር ላይ የሚወያዩ ሰዎችን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሰነበትኩ። አንዱ ቡድን ሰው ከጻፈበት ቆይቷል። ሌላው «ፈቃድ ጠብቂ» እንዳለኝ ቀረ። ሦስተኛው ተቀበለኝና ጥያቄዬን ጻፍኩ። ዛሬ መልስ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ኦጁሉን አስጠራሁት። መልሱ አንድ መስመር ናት፦ «ገጹን ለምን በእንግሊዝኛ አትጽፉትም?»

አነበብኩለት።

«እህቴ፣ እኔ አኙዋክ ነኝ» አለ። «አማርኛን ትምህርት ቤት በዱላ ነው ያስተማሩኝ። ስንት ተገርፌ የያዝኩትን ቋንቋ አሁን ተወው ነው የሚሉኝ?»

ይህንኑ ልጽፍላቸው ጀመርኩ። ዱላው ላይ ስደርስ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። «በቃ፣ ማስታወቂያውን እኔው ላንብብልህ» ስለው አሻፈረኝ ብሎ ተነሣ። ምዝገባው ነገ እንደሚያበቃ ከኋላው ጮክ ብዬ ነገርኩት።

በሩ ላይ ቆም አለ። «ከአንቺ ሰማሁ እንጂ አላነበብኩትም» ብሎ ወጣ።