የእማዬ ላም በአጥሩ ውስጥ

ጥር 14 ቀን 1975፣ አዋሳ

ዛሬ የገበሬ አምራቾች ማኅበሩን የከብት አጥር ጨረስኩ። የሽቦ መረቡን ከብረት ቋሚዎቹ ጋር በፒንሳ እየጠመዘዝኩ ያሰርኩት በውስጥ በኩል ነው። እንዲህ ሲሆን ከብቶቹ ቢገፉት መረቡ ቋሚው ላይ ይደገፋል እንጂ ማሰሪያው አይበጠስም።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ከገጠር መጣች። በቀደም ለማኅበሩ ያስረከበቻት ላም ድምጿን ስትሰማ ወደ አጥሩ መጣችና በሽቦው መሀል እጇን ላሰቻት።

«የምታድረው እዚህ ሜዳ ላይ ነው?» አለችኝ።

እኛ ቤት ላሟ የምታድረው ከእኛው ጋር፣ ከምድጃው ማዶ ነበር።

«አዎ» አልኳት። ምንም አልተሰማኝም።

ላሟ መረቡን በግንባሯ ገፋችው። ደግማ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም።

«ማነው እንዲህ አጥብቆ ያሰረው?» አለች እማዬ።

«እንጃ» አልኳት።

ፒንሳው እጄ ላይ ነበር።