ጽዋ የተቀበለች እንግዳ

ውድ አስሉዬ፣

ካርዱ ላይ ያለውን ጢስ ዓባይ አይተሽ አትቅኚብኝ፤ እኔም ገና አላየሁትም። ባሕር ዳር ሆቴሉ ሁሉ በተሰብሳቢ ስለሞላ፣ ጣና ዳር ወይዘሮ እናትዓለም የሚባሉ ሴት ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ አርፌ ተቀምጬ ነበር፤ ትናንት ግን ጉድ ሆንኩልሽ።

የማርያም ማኅበር እሳቸው ቤት ነበርና እኔም ከሴቶቹ ጋር ቀመስኩ። ሊበተኑ ሲሉ እማሆይ ወለተ ኪዳን ጽዋውን ይዘው ሲነሡ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ ጨዋ ነኝ ብዬ ዘልዬ ተቀበልኳቸው። እልልታው ቀለጠ! ለካ እዚህ ማኅበር ተረኛ የሚባል የለም፤ ተነሥቶ ጽዋውን የተቀበለ ሰው የሚመጣው ወር ደጋሽ ነው!

«ኧረ እኔ እንግዳ ነኝ! ቤት የለኝ፣ ጋን የለኝ!» ብል ማን ሰምቶኝ።

«ይኸ ቤት ታዲያ የማን ነው?» ብለው ወይዘሮ እናትዓለም ተቆጡኝ። የብርጓል የምትባል ጎረቤታቸው «ጋኑ ከእኔ» አለች፤ ሌላዋ ደግሞ «ጌሾው ከእኔ»። እማሆይማ «ማርያም የሰጠችሽን አንች ማን ነሽና ትመልሻለሽ?» ብለው ዘጉት። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እኛ ሰፈር ስንት ዓመት ኖሬ የደረሰኝ ተራ የስኳርና የዘይት ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ጋሼ ክንዱንም ሰላም በይልኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ለኅዳር ጽዮን ግን እዚሁ ደጋሽ ነኝና አንቺም ተጠርተሻል። ባዶ እጅሽን ነይ፤ ጎረቤት አለኝ።

ፀሐይወርቅ