እማዬ ያጠበችው ግድግዳ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ለእናቴ ልጅ፤

እንዴት ከረምክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህስ ተወህ? የምታድርበት ክፍል ይሞቃል ወይ? እኛ ቆመን እንሄዳለን፤ ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ቁጭ ብለህ አንብበው። ባለቤትህ ለእረፍት ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች ብለን በስልክ የነገርንህ ውሸት ነው። ወባ ይዟት ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበር። እሷ ተርፋለች፤ ልጃችሁ ግን ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። አንተ እስክትመጣ ድረስ እንዳንነግርህ እማዬ አስምላን ነበር። መሐላዬን ያፈረስኩት ወድጄ አይደለም፤ በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ ስልኩ ከእማዬ እጅ አይወጣም።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። የመርጫ ታንኬን አዝዬ ከቤት ቤት እየዞርኩ ግድግዳ ስረጭ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ትንኝ ገዳይዋ» እያለ ሲቀልድብኝ ነው የኖርኩት። ረጭቼ ስወጣ የምለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ግድግዳውን እንዳታጥቡ፣ ኖራም እንዳትቀቡ። ትንኟ የምትሞተው እዚያ ላይ ስታርፍ ነዋ! ከዚያ መድኃኒቱ ታገደ ተባለና ታንካችንን ሰብስበው መጋዘን ቆለፉበት፤ እኔንም መንገድ ጠራጊ አደረጉኝ። ጎረቤታችን ንብ አርቢው ደስታውን አልቻለውም። አልፈርድበትም፤ ይኸው መድኃኒት እርሻ ላይ በተረጨ ቁጥር ቀፎው ሥር የረገፉትን ንቦች አብሬው ጠርጌያለሁ። ግን የእርሻውንና የቤቱን ርጭት ማን ለየልን? የጤና ቢሮው ኃላፊ ስብሰባ ጠርቶ ከእንግዲህ ንጹሕ አየር እንተነፍሳለን አለን። ምትኩ መቼ ይመጣል ብዬ ብጠይቀው «በሂደት ላይ ነው» አለኝ። የእሱ ቤት መስኮት ሁሉ የሽቦ ወንፊት አለው፤ ሂደቱ እሱን አይነክሰውም።

የዚያን ሰሞን አንተ ካለህበት ባሕር ማዶ ለእማዬ ደወልክ። «እዚህ እኔ ጋ ያ መርዝ ከታገደ ቆይቷል፣ ልጄ ሳይወለድ ግድግዳውን እጠቡልኝ» አልካት። እማዬ ዘንድ የአንተ ቃል ሕግ ነው። እኔ መንገድ ስጠርግ ውዬ ብመጣ፣ ግድግዳውን በሳሙና ፈትጋ፣ ኖራ ቀብታ፣ ቤቱን እንደ ሙሽራ አስውባ ጠበቀችኝ። ገና ለወራት ሊጠብቀን ይችል የነበረውን መድኃኒት በባልዲ ደጅ ደፍታዋለች። ብጮህባት «አንቺ ከልጄ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ያለን አጎበር አንድ፣ እሱም የተቀደደ።

ዝናቡ ሲያባራ ወባው ሰፈሩን ገባበት። ጤና ጣቢያው አልጋ አጥቶ በሽተኛ ሁለት ሁለት ሆኖ ተኛ። አስተማሪዎቹ ታመው ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ዳቦ ጋጋሪው ወድቆ ምድጃው ቀዘቀዘ። ባለቤትህ ያማጠችው ኮሪደር ላይ ነው።

አልወቅስህም ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ይሆንብኛል፤ ወቅሼሃለሁ። መልሼ ደግሞ አዘንኩልህ፤ ለልጅህ ብለህ ነው። ከአንተ ይልቅ አንጀቴ ያረረው፣ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ሳይለዩ ፈርመው ምሳቸውን ሊበሉ በሄዱት ሰዎች ነው።

ሰው ካለቀ በኋላ፣ አሁን መድኃኒቱ ለቤት ውስጥ ብቻ ተፈቅዷል። ታንኬን መለሱልኝ። ሰፈሩን አዳርሼ የራሳችን ቤት ስደርስ እማዬ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። «ልጄ መርዝ ነው ብሎኛል፣ ሳይፈቅድ አታስገቢውም» አለች። ባለቤትህ የተኛችው እዚያው ክፍል ነው፤ ደሟ ገና አልተመለሰም። ወባው ዳግመኛ ከያዛት አትችለውም ብሎናል ሐኪሙ። ስለዚህ ይህ እንደደረሰህ ደውልና ይረጭ በላት። ለምን እንደሆነ ግን እንዳትነግራት። ወባው በየት በኩል እንደገባ እስከ ዛሬ አልገባትም፤ እስክትሞትም ባይገባት ይሻላል።

ንብ አርቢው እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል፤ ባለቤትህ ከተኛች ጀምሮ ማር ከቤታችን አላጓደለም። ባለቤትህ ድምፅህን ልትሰማ ትፈልጋለች፣ ሌላ ያለችው የለም። እማዬ ስጽፍ አይታ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ፊደል ስለማታውቅ አልደበቅኋትም። «ግድግዳውን እንዳለኝ አጥቤለታለሁ፣ በዚህ እንኳ ቅር እንዳይለው ብለሽ ጻፊልኝ» ትላለች። ይኸው ጽፌልሃለሁ።

እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ እሑድ ረፋድ