ድሬዳዋ የቀሩት የሙሽራዋ አባት

ወርቂቱዬ፣ ለማንም እንዳታወሪ፤ ባቡር ውስጥ ግድግዳ እየደበደብኩ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ። ምን ላድርግ! ጎረቤታችን ጋሽ ቲጃኒ ድሬዳዋ ላይ «ብርቱካን ልግዛ» ብለው እንደወረዱ ባቡሩ ጥሏቸው ሄደ። የአጋሮ ሚኒባስ እንኳን ለሰው ለተረሳ ጃንጥላም ይቆም የለ? ይሄ ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ።

ዛሬ ከጅቡቲ በትንሿ አውሮፕላን ሐርጌሳ ካልገባን፣ ነገ እዚያ የምታገባውን ልጃቸውን፣ ለጢፋን፣ ማን ይድራታል? ባቡሩንና በረራውን እንዲህ አጣብቄ ያቀድኩት ደግሞ እኔው ነኝ!

አሁን ሚኒባስ ተኮናትረው እየተከተሉን ነው። «ናርዲዬ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ! ኢንሻአላህ ድንበር ላይ እደርስባችኋለሁ» ሲሉኝ፣ ሹፌሩ «አባባ፣ ስልኩን ይተዉና ቀበቶዎን ይሰሩ!» ሲላቸው ሰማሁት።

ድንበሩ ላይ ፓስፖርት እየታየ ነው። ጊዜ ለመግዛት ተራዬን ከኋላዬ ላለ ሁሉ እየለቀቅኩ ቆየሁ። አንዲት ሴትዮማ «እንዴት ያለሽ ደግ ነሽ!» ብላ መረቀችኝ። አሁን ግን ከኋላዬ ማንም የለም፤ ፖሊሱም በእጁ እየጠራኝ ነው።

እማማን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ዮርዲንም እቀፊልኝ። ፖስትካርዱ ሞላ። ከሐርጌሳ በምልክልሽ ፖስትካርድ ላይ የጋሽ ቲጃኒን ፊርማ ካየሽ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ እልል በይ።

ናርዲ