የአያ አድማሴ ታክሲ ሰላይ ስላለመሆኗ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ዋኘው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበርና ማንም ሳያስተምርዎ በራስዎ ጥረት የመገናኛ ሬዲዮ ባለሙያ ለሆኑት፤

እንደምን ሰነበቱልን? ለመላ አካላትዎ ጤና እመኛለሁ፤ ለጉሮሮዎ ግን በተለይ። ከጧት እስከ ማታ «ይሰማል? ይሰማል?» ሲል የሚውል ጉሮሮ ትንሽ ማር ቢያገኝ አይጠላም። ለጥያቄዎ እስካሁን መላሽ ጠፍቶ ከሆነ እኔ ልመልስ፦ ይሰማል፣ ጓድ። ችግራችንም ይኸው ነው።

ስሜ ፋንታሁን ነው። ትምህርቱ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቢያሰናብተኝም ፒያሳ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ድፍረት ይዞኝ ሳይሆን፣ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ብመላለስ ጸሐፊዎ «ጓድ ሬዲዮ ላይ ናቸው» እያለች ስለመለሰችኝ ነው። ከአዘዞ ፒያሳ ታክሲ የሚነዱት አያ አድማሴ፣ የታክሲያቸው ቴፕ የእርስዎን ድምፅ በማውጣቱ «የአብዮቱን ምስጢር ጠልፈዋል» ተብለው ከታሰሩ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። መኪናቸውም ግቢዎ ውስጥ ቆማለች። ሰኞ ወደ በላይ አካል ይተላለፋሉ ሲባል ሰምተናል፤ ወደዚያ የተላለፈ ሰው ቶሎ እንደማይመለስ ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ ካሰችም፣ እርስዎም፣ እኔም እናውቃለን። ስለዚህ በትሕትና የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ተጠለፈ ስለተባለው ምስጢር። የዚያን ሐሙስ ቴፑ ሸጋ የሠርግ ዘፈን እያጫወተ ታክሲው ቀበሌው ደጃፍ ሲደርስ፣ ዘፋኟ ድንገት ጠፍታ እርስዎ ተተኩ። ኮሶዬ ላለው ጥበቃ ሙክቱ ላቱ የወፈረ እንዲሆን፣ በድንች መኪናም ተደርቦ እንዲላክ ያዝዙ ነበር። ሙክት የመንግሥት ምስጢር መሆኑን ብናውቅ ኖሮ ጆሯችንን በያዝን ነበር። እትዬ ለተ ማርያም ከኋላ ወንበር «ኧረ ምነው! የነቢያት ጾም አይደለም እንዴ?» ማለታቸውም ለነፍስዎ አስበው እንጂ በአብዮቱ ላይ ተነስተው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ተከሳሹ ታዛዥነት። ከሙክቱ ቀጥሎ አንዱን የጥበቃ ጓድ «ባለህበት ቁም!» አሉት። አያ አድማሴ የቀበሌን ትእዛዝ ጥሰው የማያውቁ ሰው ናቸውና መኪናቸውን መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አደረጓት። ከኋላ አንድ ጋሪና ሁለት የጭነት መኪና ቆሙ። ንግግርዎን በመፈክር ሲዘጉም እኔን ጨምሮ አምስታችንም ተሳፋሪዎች እንደ ደንቡ ግራ እጃችንን ወረወርን፤ የታክሲ ጣሪያ ደግሞ ለመፈክር አልተሠራምና የእትዬ ለተ ማርያም ጣት እስከ ዛሬ እንዳበጠ ነው። እርስዎ ብዙ ያዩ ሰው ነዎት፤ ከሰለለው ቢሮ ደጃፍ ላይ መኪናውን አቁሞ እጁን የሚያነሳ ሰላይ አይተው ያውቃሉ?

ሦስተኛ፣ ስለ ምርመራው። ዘበኛው ቢሻው እንዳይወቀስብኝ፤ ያስገባኝ ግቢውን እንድጠርግ ነው፤ ከጥርጊያው መሐል መኪናዋ ነበረች። እናም ካሴቱን አወጣሁ፤ እርስዎ ግን አልወጡም። የመኪናዋን አንቴና ነቀልኩ፤ አልተነቀሉም። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ቀጠሉ። ካሴቱን መልሼ ከትቼ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዝቅ ሳደርገው ዘፈኑ ዝም አለ፤ እርስዎ ብቻ አልቀነሱም። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ድምፅዎ የገባው በስፒከሩ ሽቦ ነው። ሽቦውን የዘረጋሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ጥሩ ሽቦ መቁረጥ አሳዝኖኝ የተረፈውን ከወንበር ሥር ጠቅልዬ ትቼው ነበር። ያ የተረፈ ሽቦ፣ ሳላስበው፣ አንቴና ሆኖልዎታል። አሳጥሬ ቆረጥኩት፤ ከተሰበረ ሬዲዮ ባወጣሁት፣ እንግዳ ድምፅ በሚያግድ ጥቁር ዘንግ ላይም ጠመጠምኩት። ወዲያው እርስዎ ከቢሮ ሆነው «ይሰማል?» ቢሉ መኪናዋ ጸጥ። ቢሻው አፉን ይዞ «ውይ፣ ጓድን ዘጋሃቸው!» አለኝ።

በእርስዎም በኩል ትንሽ ነገር አለች። የሬዲዮዎን አንቴና ከቆርቆሮው ላይ አስረው ወደ መንገዱ አዘንብለውታል፤ በረጅም እንጨት ላይ ከፍ ቢያደርጉትና ሬዲዮውን በሽቦ ከመሬት ጋር ቢያያይዙት፣ በየሰዉ መኪና ሳይጠሩ ከመግባት ይድናሉ።

እንግዲህ ጓድ፣ ሽቦው የእኔ፣ ሬዲዮው የእርስዎ ነው፤ አያ አድማሴ የነዱት መኪናውን ብቻ ነው። መታሰር የሚገባው ሰው የግድ ካስፈለገ ከሁለታችን አንዳችን ነን። እርስዎን ማሰር አቅሜ ስለማይፈቅድ እኔ ብርድ ልብሴን ይዤ እመጣለሁ፤ እሳቸው ይውጡ።

ሰፊው ሕዝብ ሬዲዮ ሳይገዛ ሬዲዮ እንዲሰማ ስላደረጉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በሽቦም ያለ ሽቦም አክባሪዎ፣
ፋንታሁን፣ የቴፕ ሐኪም
ጎንደር፣ ታኅሣሥ 1973 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ግቢውን ስጠርግ የስብሰባ አዳራሹን ድምፅ ማጉያ አየሁት፤ ሽቦው ከታክሲዋ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ቢሻው እንደነገረኝ ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ እርስዎ ከቀበሌው ሱቅ ለዘመድ ስለሚወጣው የስኳር ጆንያ በሬዲዮ ሲነጋገሩ፣ ባዶው አዳራሽ በዚሁ ማጉያ አንድ ቃል ሳያስቀር ሰምቷል። እሑድ ግን አዳራሹ ባዶ አይሆንም፤ የቀበሌው ነዋሪ በሙሉ የግድ ይገኛል። አያ አድማሴ ቅዳሜ ቤታቸው ከገቡ በዚያው ቀን መጥቼ አበጀዋለሁ። ካልገቡ ግን፣ ሕግ ለሁሉም እኩል ነውና፣ ድምፅ ማጉያውንም ከእሳቸው ጋር እንዲያስሩት በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ።