የጥጤ እንባ

ሰኞ

እንባዋን ስጠርግላት መሐረቦቼን ይህች ውሻ ጨረሰቻቸው። ነጭ ነበሩ፤ አሁን ሁሉም ዝገት የነካቸው ይመስላሉ። ለሰርግ ቤት የምይዘው አንድ እንኳ አልተረፈኝም። የት ሄጄ ልክሰሳት?

ጥጤ ድመት የምታህል ነጭ ውሻ ናት። የእህቴ የሀዋ ልጅ ሰዒድ ነው ከአዲስ አበባ በካርቶን ያመጣት። ከሰንበቴ ከተማ ጓደኛው ከአሊ ጋር በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ሊገባ ሲነሳ ለእኔ ትቷት ሄደ። «አጎቴ፣ ትመሳሰላላችሁ። ሁለታችሁም ሥራ ስትፈቱ ነው የምትጮኹት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

ከጥጤ ዓይኖች እስከ አፍንጫዋ ቡናማ መስመር ወርዷል። ሰፈሩ «ለልጁ እያለቀሰች ነው፤ ውሻ ያውቃል» ይላል። ይህን ሀዋ ሰማች። ከሰማች ወዲህ እህል በአፏ አይዞርም።

ማክሰኞ

ከሀዋ ጋር አንድ ግቢ ነን። ዛሬ «ይህችን ውሻ ከዓይኔ አርቅልኝ። ፊቷን ባየሁ ቁጥር ልጄን ቀብሬ የተመለስኩ ይመስለኛል» አለችኝ።

«እኔ እኮ ፊቷን እያጠብኩ ነው። አንቺም ያንቺን ብትታጠቢ አይከፋም» አልኳት።

በፊት ቢሆን ጫማ ይወረወርብኝ ነበር። ዛሬ ጫማዋን እንዳጠለቀች ወደ ቤቷ ገባች። ይህን አልወደድኩትም።

ጎረቤታችን ዘምዘም ሎሚ ቀባት ብላ ሎሚ ሰጠችኝ። ሎሚውን በሻይ ጠጣሁት።

ረቡዕ

ጥጤን በጋቢዬ ጠቅልዬ ከብት ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። ከጨፋ በሬ ነድተው የመጡ ገበሬዎች ወረፋ ይዘዋል።

«ኣካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ጋሼ። ለእርሻ ናት ለወተት?» አለኝ አንዱ።

«ለእርሻ። ጥማዷን እየፈለግኩላት ነው።»

ሐኪሙም ሲስቅ ቆየና በባትሪ አያት። ፀጉሯ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ይወጋታል። እንባው ነጭ ፀጉር ላይ ሲቆይ ይበልዛል።

«ሐዘን አይደለም?» አልኩት።

«ፀጉር ነው፣ ጋሼ።»

እንዳልረሳው፦ ውሃ አፍልቶ ለብ እስኪል ማቆየት። በንጹህ ጨርቅ ከዓይን ወደ ውጭ መጥረግ፣ ማድረቅ። ዓይን የሚነካውን ፀጉር ማሳጠር። የምትጠጣበትን ጣሳ በየቀኑ ማጠብ። ሎሚም ሳሙናም ወደ ዓይኗ እንዳይደርስ። የበለዘው አይለቅም፤ ተቆርጦ አዲስ ሲበቅል ነው ነጭ የሚሆነው። ዓይኗ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ እንደገና ይዞ መሄድ።

ለሀዋ ነገርኳት። «ማልልኝ» አለች።

«ወላሂ ፀጉር ነው።»

ማታ ግማሽ ቂጣ በላች። እኔ የማልኩት ስለ ውሻዋ ነው። ስለ ልጁ ማል አላለችኝም። እንኳንም አላለች።

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መቀስ ፀጉሯን ቆረጥኩላት። እሷም በአጸፋው እጄን ላሰችኝ። እንግዲህ የውሻ ምራቅ የነካው እጅ ከሶላት በፊት ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፤ አንዱን በአፈር። ሀዋ በሯ ላይ ቆማ ትቆጥርልኛለች።

«ስድስት ነው። አላህን ልታጭበረብር ነው?»

ከንፈሯ ዳር ላይ የሆነ ነገር አየሁ። ፈገግታ ነው ብዬ ልመዝግበው።

እሑድ

የጥጤ ጉንጭ ደርቆ አደረ። ቡናማው አብዛኛው ከተቆረጠው ፀጉር ጋር ሄዷል። ዛሬ ውሃውን ያፈላችው ሀዋ ናት። «ሲመጣ ፊቷን እንዲህ ንጹህ ሆኖ ያግኘው» አለች። የጥጤን ጣሳ ላጥብ ወጣሁ።

ይህን ጽፌ ልተኛ ስል የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ከሰዒድ ጋር የወጣው የሰንበቴው ልጅ፣ አሊ ነው። ከስቷል። ብቻውን ነው። ሰላም ሲለኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

ውሃ ላምጣልህ ብዬው ገባሁ። ውሃውን አልቀዳሁም። ይኸው እጽፋለሁ።

በመስኮት ይታየኛል። ጥጤ ጫማውን አሸተተች፤ አልፋው ወጣችና መንገዱ ላይ ተቀመጠች። ከኋላው የሚመጣ እየጠበቀች ነው።

ሀዋ ከጓዳ ትጣራለች። «ማነው የመጣው?» ትለኛለች።