ዘይነባ ያላመነችኝ ጠዋት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ዘይነባ የምትፈተንበት ቀን ነበር። በምኖርበት የአረጋውያን መኖሪያ እንደ እሷ ለሚሠሩ ረዳቶች ኢንሱሊን አሰጣጥ የምታስተምረው ነርስ በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣው። ዘይነባ ካላለፈች የጠዋቱን ተራ ሌላ ሰው ይወስደዋል። ተጨንቃ በማለዳ ከምትኖርበት ከተማ ከቡሪየን መጥታለች።

ስኳሬን ለካች፤ ልኩንም ጻፈች።

«ጋሼ፣ ቁርስ በልተዋል?»

ነርሷ ሰዓቷን ታያለች። ቁርሱ ዘግይቷል።

«በልቻለሁ» አልኳት።

ሳልበላ ከተወጋሁ ስኳሬ ወርዶ እንደሚጥለኝ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ለተፈታኝ መልስ ሹክ ብዬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ልጅቷ እንድታልፍ ዋሸሁ።

«ኦኬ፣ ምን በሉ?»

«አጃ።»

«ጋሼ፣ አጃው እኮ ገና እሳት ላይ ነው! አይቼው ነው የመጣሁት።»

«ልጄ፣ ሴትዮዋ ቸኩላለች። ውጊኝና ይለፍልሽ።»

«ሳህኑ ፊትዎ ሳይቀመጥ አልወጋዎትም። ከፈለጉ ይቆጡኝ።»

ነርሷ አማርኛ ስለማትሰማ የተጣላን መስሏት ምን እንደሆነ ጠየቀች። ዘይነባ ቁርስ እንዳልበላሁ ብቻ ነገረቻት፤ ውሸቴን አላወጣችብኝም። አጃው እስኪመጣ ሦስታችንም ጠበቅን። ከዚያ ወጋችኝ፤ አልተሰማኝም። ነርሷ ፈረመችላት።

እንዲህ ባለች ልጅ እጅ ላይ ስለጣለኝ አምላኬን አመሰገንኩ። ለእሷ ግን «ጎበዝ» ብቻ አልኳት። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ነገ ያለ ነርሷ ብቻዋን ነው የምትመጣው፤ ያኔ ይቀለኝ ይሆናል።